በቀለን ለልቡ ጉለሌ ያደረስኩበት ዘጠኝ ቀን

ከተመለስን ሳምንት ሊሞላን ነው። እኔ ቤቴ ገብቻለሁ፤ ጉልበቴ ግን ገና ሱሉልታ አካባቢ የቀረ ይመስለኛል። የጎሐ ጽዮን ሰው በየመንገዱ እያስቆመ «ጉለሌ እንዴት ነው? በቀለስ እንዴት ሆነ?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማወራ አንድ ጊዜ ተቀምጬ ብጽፈው ይቀለኛል ብዬ ደብተር አወጣሁ። ጉለሌን ለማየት ዕድል ለማያገኘውም ይጠቅማል።

ለማያውቀኝ ልንገረው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ከአንድ መሪጌታ እግር ሥር ነው፤ የፈረንጁን ፊደል ግን ማንም አላስተማረኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት በጤና ጣቢያችን ስሠራ ከመድኃኒት ካርቶን ላይ እየለቀምኩ ራሴን አስተማርኩ። በመድኃኒቱ ውስጥ የሚገባውን የታጠፈ ወረቀት ሰው ሲጥለው እኔ አነሳዋለሁ። ሦስት ደብተር ሙሉ የመድኃኒት ስም ገልብጫለሁ። አዲስ የሚመደቡ ነርሶች እንኳ «ጋሽ አሰፋ፣ ይሄ ከዚህ በፊት መጥቶ ያውቃል?» ብለው የሚጠይቁት እኔን ነበር። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው።

በቀለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ ማኪና ሲነዳ ኖረ። አምና ደረቱን አንቆ ያዘውና የልቡ ደም ሥር ጠቧል ተባለ፤ መድኃኒት ታዘዘለት። እሱ ማንበብ ስለማይችል ጠዋትና ማታ የምሰጠው እኔ ነኝ። ከእጄ ይቀበላል፣ ሳያይ ይውጣል።

አንድ ቀን ሬዲዮ ስሰማ የልብ ደም ሥር የሚዘጋው በስብ ብቻ አይደለም አሉ። የደም ሥሩ ግድግዳ ይቆጣል፣ ያንን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት ለልብ ሕመም ተስፋ እየሆነ ነው አሉ። ወዲያው ገባኝ። ለጉልበቴ የምወስደው ዲክሎፌናክ ወረቀቱ ላይ መቆጣትን ያበርዳል ተብሎ ተጽፏል። አንዷን ጠዋት፣ አንዷን ማታ ለበቀለ ጨመርኩለት። የትከሻው ሕመም ስለተወው «አየህ?» አልኩት። ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ እግሩ አበጠ፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ጤና ጣቢያው ጉለሌ ወዳለ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈለት። እኔ ያን ጊዜ ሁለቱን ነገር አላገናኘሁም። ያላገናኘሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ከፊት ጽፌዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ሰኞ

ጎሕ ሳይቀድ ተነስተን አውቶቡስ ተሳፈርን። ገና ቱሉ ሚልኪ ሳንደርስ በቀለ አየር አጠረው። መስኮቱን ከፈትኩለት።

«ዝጋው! ብርድ ሊመታን ነው!» አሉ ከኋላ አንዲት ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ እናት።

«እመቤቴ፣ ሕመምተኛ ነው፤ ልቡን ነው የሚያመው» አልኳቸው።

«ልቡን ካመመውማ ብርዱ ይጨርሰዋል!»

አውቶቡሱ በሙሉ ከእሳቸው ጋር ሆነ። ስለ አየር ጥቅም ረዘም አድርጌ አስረዳኋቸው፤ ረዳቱ መጥቶ መስኮቱን ጠርቅሞ ሄደ።

«ተወው ጋሼ» አለኝ በቀለ እያለከለከ። «ስንት ዘመን ክንዴን በመስኮት አውጥቼ ነዳሁ። ዛሬ አንድ ጣት የምታህል ክፍተት ከለከሉኝ።»

ከዚያ ጀምሮ በራሴ ኮፍያ እያራገብኩለት ሄድኩ። ፍተሻ ያለበት ቦታ ሁሉም ሰው ወርዶ በእግሩ ማለፍ ነበረበት። ፈታሹ የበቀለን እግር አይቶ «አባት፣ እርስዎ ይቀመጡ» አለና ሳይፈትሸው ሄደ። ጫንጮ ላይ ምሳ ተባለ። ጥብሱ በጨው የታሸ ስለሆነ፣ ጨው የተከለከለው በቀለ አልነካውም፤ ወተት ጠጣ። ወተታቸው ከእኛ ይወፍራል፤ ይህን አልክድም።

እንጦጦን አልፈን ስንወርድ ከተማው ታች ተዘርግቶ ታየ። አዲሱ ገበያ ወረድን። የምናርፈው ቁስቋም፣ ጫልቱ ቤት ነው። ጫልቱ ከእኔ ጋር ጤና ጣቢያ ይሠራ የነበረው የሟቹ ጓደኛዬ ልጅ ናት። «አባባ፣ ሽሮ ሜዳ ስትደርሱ ደውሉልኝ፣ እኔ እወርዳለሁ» ብላ ነበር። እኔ ግን አገሩን አውቀዋለሁ። በጎልማሳነቴ ከአባቷ ጋር መድኃኒት ልንረከብ ስንመጣ በአቋራጭ ወጥተናል። ሽሮ ሜዳ ከታክሲ ወርደን በዚያው አቋራጭ በቀለን አስከትዬ ሽቅብ ያዝኩ።

«ሰው እንጠይቅ» አለኝ።

«ምን ያስጠይቃል? እዚያች ጋ ስንታጠፍ ነው።»

ስንታጠፍ ቆርቆሮ አጥር ነው። ሌላ ታጠፍን፤ ግንብ ነው። የእኛ አገር መንገድ አንዴ ካወቅኸው ዕድሜ ልክህን ቦታው ላይ ታገኘዋለህ፤ የእነሱ ዞር ስትል ቤት ይሠራበታል። ሦስተኛው ጋ በቀለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከንፈሩ ጠቁሯል። አጠገባችን በሩን ከፍቶ ሸማ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ከጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አውጥቶ መጣ።

«አባቶቼ፣ በዚህ በኩል መንገድ የለም እኮ። ከተዘጋ ስንት ዘመኑ!»

ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀና ከቤቱ አንድ ወንበር ይዞ ወጣ። ሃያ እርምጃ ያህል ወደፊት ይሄድና ወንበሩን ያስቀምጣል፤ በቀለ ይደርስና ይቀመጣል፤ ሲነሳ እንደገና ያነሳዋል። እንዲህ እያለ ጫልቱ በር ድረስ አደረሰን። ሥራውን ጥሎ ከአንድ ሰዓት በላይ ከእኛ ጋር ቆየ። ስሙን ሳልጠይቀው ወንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ወረደ።

ሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ

ሆስፒታሉ ሰልፉ ከበር ይጀምራል። የእኛ ጤና ጣቢያ ሰው ሲበዛ በዛፉ ሥር ይቀመጣል፤ እዚህ ሰው እንደ ግድግዳ ቆሞ ይጠብቃል። ካርድ ክፍል፣ ከዚያ ሌላ መስኮት፣ ከዚያ ደግሞ ደረጃ። ደረጃውን አንድ አስታማሚ በቀለን በአንድ በኩል ደግፎልኝ ወጣን። እኛ ቁጥራችን ሳይደርስ ቀኑ አለቀ። ነርሷ ደም ግፊቱን ለክታ ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ሰጠችን።

«ሐሙስ ስትመጡ» አለች፣ «የሚወስደውን ነገር በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። ክኒኑን፣ ሽሮፑን፣ የሚቀባውን፣ ሥራሥርም ካለ ሥራሥሩን። በቃል አንቀበልም። ሐኪሟ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ ነው የምታየው።»

ጥሩ አሠራር ነው፤ ለእኛም ጤና ጣቢያ እነግራቸዋለሁ ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ማታ እራት ላይ ጫልቱ ጨነቃት። ሕመምተኛ ጨው አይብላ ተብሏል፤ እንግዳን ደግሞ አልጫ ውሃ የመሰለ ወጥ አቅርቦ ብላ ማለት ለእሷ ነውር ነው። ሁለት ድስት ጥዳ ነበር። ባሏ ግርማ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀልደኛ ሰው ነው። ጨው ያለውን ድስት አንስቶ ወደ ጓዳ መለሰው።

«ሁላችንም ከጋሽ በቀለ ጋር ነው የምንበላው» አለ።

«ግርማ፣ አንተ ያለ ጨው ምግብ ይወርድልሃል?» አለችው።

«ለአንድ ሳምንት እንዳማች ዝም ብዬ እበላለሁ፤ ሲሄዱ እከስሻለሁ።»

እስክንመለስ ድረስ በዚያ ቤት ጨው አልተበላም። ቤታችን ስንት እንግዳ ተቀብያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም።

ከእራት በኋላ ፌስታሉን አዘጋጀሁ። አስፕሪኑን፣ የስቡን፣ የግፊቱን፣ ውሃ የሚያሸናውን አስገባሁ። ዲክሎፌናኩን ኮቴ ኪስ ተውኩት።

«ያቺ ቢጫዋስ?» አለ በቀለ ከአልጋው ሆኖ። ጫልቱና ግርማ የራሳቸውን አልጋ ለቀውልን እነሱ መሬት አንጥፈው ነበር።

«እሷ የኔ መድኃኒት ናት» አልኩት። ያኔ ሐኪም ያላዘዘውን ማሳየት ነገር ማብዛት መስሎኝ ነው። እንዲህ ነበር ለራሴ የነገርኩት።

ሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ

ቢጫዋ አራት ብቻ ቀርታ ስለነበር ልገዛ ወደ ሽሮ ሜዳ ወረድኩ። ቁልቁለቱ ለጉልበት ከዳገቱ ይብሳል። አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ፤ ሻጩ ጸጉሩ የሸበተ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው።

«ዲክሎፌናክ፣ ባለ ሃምሳ» አልኩት፣ ስሙን አስተካክዬ።

«ለእርስዎ ነው አባቴ?»

«ለወንድሜ።»

«ምኑን ያመዋል?»

«ልቡን።»

ወደ መደርደሪያው የዘረጋው እጁ እዚያው ቀረ። «ለልብ ብሎ ማን አዘዘለት?»

እኔም ሬዲዮ የሰማሁትን፣ የደም ሥር መቆጣቱን፣ ወረቀቱ ላይ ያነበብኩትን በሙሉ አስረዳሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከኋላዬ ሁለት ሰው ቆሞ ነበር፤ እነሱን አስተናግዶ ከሸኘ በኋላ መነጽሩን አወረደ።

«የሰሙት ልክ ነው» አለኝ። «የልብ ደም ሥር ይቆጣል። ያንን የሚያበርድ መድኃኒት እየተፈለገ ነው። አንዱ የድሮ የሪህ መድኃኒት ነው፤ ኮልቺሲን ይባላል። በጣም በትንሹ፣ ለተመረጠ ሰው፣ የልብ ሐኪም እየተከታተለ ይሰጣል። ሌሎቹም እየተጠኑ ነው። ይሄኛው ግን ከእነሱ ወገን አይደለም።»

«ሁለቱም የመቆጣት መድኃኒት አይደሉም?»

«ከባድ ማኪናም ባጃጅም ተሽከርካሪ ነው አባቴ። ጭነቱን ግን አንድ አድርገው አይጭኑም። ዲክሎፌናክ ልቡ ለታመመ ሰው ሰውነቱ ውሃ እንዲቋጥር ያደርጋል፣ ኩላሊቱን ያደክማል፣ የደም ሥሩ እንዲዘጋም መንገድ ይከፍታል።» ትንሽ ቆይቶ «እግሩ አብጧል?» አለኝ።

«አብጧል።»

«ውሃ የሚያሸና መድኃኒት ይወስዳል?»

«ይወስዳል።»

«የግፊትም?»

«የግፊትም።»

«ሦስቱ አንድ ላይ ኩላሊት ላይ ሲወርዱ አደገኛ ነው። ለሐኪሙ ይንገሩ። ዛሬ ማታ አይስጡት፤ ለሐኪሙ ግን ይንገሩ።»

አመስግኜው ወጣሁ ወይስ ሳላመሰግነው? አላስታውስም። ዳገቱን ስወጣ ሰኞ በቀለ የተቀመጠበት ቦታ ሁሉ እኔም ተቀመጥኩ። በልቤ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ መስጠቴን ካቆምኩ ማንም አያውቅም። አራቱን እጥላለሁ፣ እብጠቱ ይጎድላል፣ ሐኪሟም የራሷን ሥራ ትሠራለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የተገነባ ስም አንድ ክኒን አያፈርሰውም።

ማታ በቀለ እጁን ዘረጋ። አራት ክኒን ሰጠሁት። በመዳፉ ቆጠራቸው።

«አንድ ጎድሏል።»

«ለዛሬ ትቅር» አልኩት።

አየኝ። አራቱን አንድ በአንድ ዋጣቸው።

አራተኛው ቀን፣ ሐሙስ

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ በዕድሜ የልጄ ልጅ ትሆናለች። ቢሆንም አንቱ አልኳት፤ ክፍሏ ውስጥ አንቺ ማለት አልሆነልኝም። የበቀለን ደረት አዳመጠች፣ እግሩን በጣቷ ጫን ስትለው ጣቷ የገባበት ጎድጉዶ ቀረ። ከዚያ ፌስታሉን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈችው። አንድ በአንድ አንብባ በመስመር ደረደረቻቸው።

«ሌላ የሚወስደው አለ? የባህል መድኃኒትም ይሁን፣ ከጎረቤት የመጣም ይሁን?»

እኔ አፌን ሳልከፍት በቀለ ተናገረ።

«የለም ዶክተር። ወንድሜ እንዴት ያለ ሰው መሰለሽ! ሰዓት አያዛንፍም። ከጤና ጣቢያው እሱ ይበልጣል።»

ይህን ሲል የሚያየው እሷን አልነበረም፤ እኔን ነበር።

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲህ ይህን ሁሉ በሥርዓት እየወሰደ እንዲህ ካበጠ፣ ልቡ ካሰብነው በላይ ደክሟል ማለት ነው። የሚያሸናውን እጥፍ አደርገዋለሁ፤ የግፊቱንም ከፍ አደርጋለሁ» አለችና መጻፍ ጀመረች።

የመድኃኒት ቤቱ ሰው ያለኝ መጣብኝ። ሦስቱ አንድ ላይ ኩላሊት ላይ ሲወርዱ። የእስክሪብቶዋ ድምፅ ይሰማኛል። በቀለ ሸሚዙን እየቆለፈ ነው፤ ጣቱ ስላበጠ ቁልፉ አልገባ ብሎታል።

«ዶክተር፣ አንድ የቀረ አለ» አልኩ።

ቢጫዎቹን ከኪሴ አውጥቼ ከመስመሩ ጫፍ አስቀመጥኳቸው። አንስታ አነበበች። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«በቀን ስንት?»

«ሁለት። አንድ ጠዋት፣ አንድ ማታ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ነገርኳት።

«ማን አዘዘለት?»

«እኔ።»

«እርስዎ ሐኪም ነዎት?»

«አይደለሁም» አልኩ። «የጤና ጣቢያ ዘበኛ ነበርኩ።»

እስከዚህ ድረስ ሲያነብ የቆየ ሰው «ስሠራ» ያልኩትን አስታውሶ ይሆናል። ሥራዬ እሱ ነበር። በር ከፍቼ በር ዘግቻለሁ፤ የቀረውን የተማርኩት በራሴ ነው።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የጻፈችውን ወረቀት አጥፋ ወደ ጎን አደረገችና ሌላ አወጣች። «ይህን ሳላውቅ አዝዤ ቢሆን ኖሮ ኩላሊቱ ላይ እንፈርድበት ነበር» አለች። «መጀመሪያ ለምርመራ ደም ይሰጣል። ይቺ ክኒን ከዛሬ ጀምሮ የለችም። ለሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት እየመጣ ውሃውን የሚያወጣ መርፌ ይወጋል፤ በየቀኑ ይመዘናል። ሰኞ ደሙን እንደገና እናያለን።»

ልንወጣ ስንል አላስችል አለኝ። «ኮልቺሲኑስ?» አልኳት።

ቀና አለች። «እሱን ደግሞ ማን ነገረዎት?»

«ሽሮ ሜዳ ያለ የመድኃኒት ቤት ሰው።»

«ለአንዳንድ ሕመምተኛ እንሰጠዋለን። ለወንድምዎ ግን አሁን አይሆንም። ኩላሊት ሲደክም እሱ ራሱ ከሰውነት አይወጣም፣ ይመርዛል። ወደፊት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ያን የምንወስነው አይተን ነው።»

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። በቀለ ወደ እኔ ዞረ።

«መቼ አወቅህ?»

«ትናንት።»

«ትናንት አውቀህ ነው እዚያ ውስጥ እስክንገባ ዝም ያልከው?»

«አዎ።»

«እኔ ፍሬን በሌለው ማኪና ቁልቁለት እየወረድኩ፣ አንተ መሪው ላይ ተቀምጠህ ታፏጫለህ።»

«አንተስ የለም ያልካት ለምንድን ነው?» አልኩት።

«በሰው ፊት እንዳታንስ ብዬ ነዋ!» ድምፁ ስለጨመረ አጠገባችን ያሉት ዞሩ። «አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅሁ። እሷ እየጻፈች፣ እኔ ቁልፌን እየቆለፍኩ፣ አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያልኩ። ካልተናገርክ ምን ላደርግ እንደነበር እንጃ።»

ከዚያ በኋላ እስከ እሑድ አላናገረኝም።

አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ቀን

እነዚህ ቀኖች አንድ ዓይነት ናቸው። ጠዋት ወደ ታች፣ መርፌ፣ ሚዛን፣ ወረፋ፣ ወደ ላይ። ግርማ ተረኛ በማይሆንበት ሰዓት ይሸኘናል። በቀለ ውሃ ሲፈልግ ጫልቱን ይጠራል፤ ከእኔ እጅ ክኒን አይቀበልም፣ ከእሷ ይቀበላል። እሷም ነገሩ ገብቷታል፤ ግን አንድም ቀን አላነሳችውም። ዓርብ ዕለት የደሙ ውጤት መጣ። ኩላሊቱ ደክሟል። ይመለስ እንደሆነ ሰኞ ይታወቃል ተባልን።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጋደም ብዬ ሌላ ሒሳብ ያዝኩ። ከእኔ ያቺን ቢጫ ክኒን የተቀበለው በቀለ ብቻ አይደለም። ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለራስ ምታት እያልኩ ለስንቱ ጎረቤት ሰጥቻለሁ። እኔ የማውቃቸው አሉ፣ የረሳኋቸውም አሉ። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ያገሬ ሰዎች፣ ከእጄ የወሰዳችሁ፣ በተለይ ደም ግፊት፣ ልብ ወይም ኩላሊት ያለባችሁ ወይም የጨጓራ ቁስል ያለባችሁ፣ አቁሙና ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ምን ስትወስዱ እንደነበር ተናገሩ። አሰፋ ሰጠኝ በሉ። አላፍርም አልልም፤ በሉ።

እሑድ በቀለ ሲተኛ ጫልቱ «አባባ፣ እንዲህ ተክዘው አይዋሉ» ብላ እንጦጦ ማርያም ወሰደችኝ። ቤተ ክርስቲያኑን ዞሬ ተሳለምኩ። የድሮውን ቤተ መንግሥት ለመጎብኘት የመጣ ሰው ብዙ ነበር፤ እኔ ጉልበቴ እንቢ ስላለኝ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። የእኛ ነፋስ ከአባይ ሸለቆ ሲወጣ ትኩስ ይዞ ይወጣል። ሰው እንጦጦን እንዴት አየኸው ሲለኝ የምነግረው ይኼው ብቻ ነው።

ስንመለስ በቀለ ነቅቶ ደጅ ተቀምጧል። ጫማውን አድርጓል። ከመጣን ጀምሮ እግሩ ጫማ አልገባለትም ነበር።

«ገባ» አለኝ። ከሐሙስ ወዲህ ያለኝ የመጀመሪያው ቃል ነው።

ስምንተኛው ቀን፣ ሰኞ

ኩላሊቱ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም እየተመለሰ ነው። ሐኪሟ ከወረቀቱ ላይ ሁለቴ አነበበችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ፈገግ አለች። ክብደቱ በእብጠቱ ልክ ቀንሷል። ወር ሳይሞላው ደሙን እዚያው አገራችን አሠርቶ እንዲልክላት፣ ከዚያ ተመልሶ እንዲታይ አዘዘች።

መጨረሻ ላይ ነርሷ ቅጽ አወጣች። «ቤት ውስጥ መድኃኒቱን የሚሰጠው ማን ነው? ስሙን ልጻፍ።»

የበቀለ ልጅ ደብረ ብርሃን ናት፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። ነርሷ እስክሪብቶዋን ቀስራ ጠበቀች።

«እሱ ነው» አለ በቀለ በአገጩ እየጠቆመኝ። «ጻፊው፤ አሰፋ በይ። ግን አንድ ነገር ጨምሪበት።»

«ምን ልጨምር አባቴ?»

«የማያውቀውን ስጠይቀው አላውቅም እንዲል።»

ነርሷ ሳቀች። «ለዚያ ቦታ የለውም ቅጹ።»

«እንግዲያው ቃል ይግባ።»

«እሺ» አልኩ።

«እሺ አይደለም፤ ቃሉን ራሱን፣ አላውቅም በል። ስንት ዘመን አብረን ኖርን፣ ከአፍህ ወጥቶ ሰምቼው አላውቅም።»

እውነቱን ነው። እዚያ ወረፋተኛው ሁሉ እየሰማ ግን አልወጣልኝም። ነርሷ ስሜን ጽፋ ወረቀቱን ሰጠችን።

ዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ

ግርማ ከሥራ በፊት አዲሱ ገበያ ድረስ ሸኘን። ጫልቱ ለመንገድ ያለ ጨው የተቆላ ሽምብራ ቋጥራልናለች። አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ሱሉልታን ስናልፍ ከአጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የት ከርመን እንደመጣን ጠየቁን፤ በቀለ ሁሉን አወራላቸው፣ የእኔን ነገር ግን ዘለለው። ቀጥሎ ፌስታሉን ከፍቶ አዲስ ከታዘዙለት አንዷን፣ ትንሿን ነጭ፣ አወጣ።

«ጋሼ» አለኝ ጮክ ብሎ። «ይቺ ለምንድን ናት?»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ከፊት የተቀመጡትም ጆሮአቸውን ሰጡ። ስሟን አንብቤያለሁ። ምን እንደምትሠራ ለመናገር ሦስት የተለያየ መልስ ምላሴ ላይ ነበር፤ ሦስቱም የሚያምሩ ናቸው። በቀለ ዓይኑን ሳይነቅል ያየኛል።

«አላውቅም» አልኩ። «ሐኪሟ ስታስረዳ አልያዝኩትም። ነገ ጤና ጣቢያ ሄደን እንጠይቃለን።»

«አላውቅም አልክ?»

«አላውቅም።»

ክኒኗን ወደ ፌስታሉ መልሶ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ሽማግሌው ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ውጭ ያዩ ጀመር። በቀለ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለና ወዲያው ተኛ፤ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ። ገብረ ጉራቻ እስክንደርስ ክንዴ ደንዝዞ ነበር። አላንቀሳቀስኩትም።